ምልክትና ቃል ኪዳን

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አሰላ የሚጓዝ መንገደኛ አዋሽን ተሻግሮ ወደ አርሲ ምድር ሲዘልቅ፣ ወደ ደጋው መውጣት ከመጀመሩ አስቀድሞ ዴራን ያገኛል። የዶዶታ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ዴራ እንደ ሌሎቹ የመንገድ ዳር ከተሞች ሁሉ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩና ልዩ ልዩ እምነት ያላቸው ሰዎች በአንድ ገበያ የሚገበያዩባት ናት። ጧት በትምህርት ቤት ግቢ ተማሪዎች ተሰልፈው ሳለ ሁለት ሰንደቅ ዓላማዎች ጎን ለጎን ይሰቀላሉ። አንደኛው በመካከሉ ኮከብ ያለበት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የሆነው የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ነው። ሁለተኛው ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ቀለም ያለው፣ በመካከሉ የኦዳ ዛፍ የሚታይበት የኦሮሚያ ክልል ሰንደቅ ዓላማ ነው። በዚያች ሰዓት በአጥሩ ውጪ የሚያልፍ ሽማግሌ አህያውን አቁሞ፣ ቆቡን አውልቆ፣ መዝሙሩ እስኪያልቅ ይጠብቃል።

በዚህችው ከተማ በአንድ ወንበር ተቀምጠው የሚማሩ ሁለት ወጣቶች ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ የደብተር ሽፋን ምክንያት ተጣሉ። አንደኛው ደብተሩን የሸፈነው ዓርማ በሌለው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ነበር። ባልንጀራው ይህን አይቶ፣ «ይህን ይዘው መጥተው ነው ቅድመ አያቴን የወጉት» አለው። የደብተሩ ባለቤትም፣ «የእኔ ቅድመ አያት ደግሞ ይህን ይዞ ነው ማይጨው ላይ የወደቀው» ሲል መለሰለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለወራት ሳይነጋገሩ ቆዩ። በኋላም ሁለቱ፣ አንዱ ስለ ሌላው ሳያውቅ፣ ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ተመሳሳይ ጥያቄ አቀረቡ፤ «አባ፣ ሁለታችንም እውነት ከተናገርን ጥፋቱ የማን ነው?» የሚል ነበር። በዕለቱ የተሰጣቸው መልስ አጥጋቢ አልነበረምና ነገሩን እንደገና ማሰላሰል ግድ ሆኗል።

ቅዱስ አውጉስጢኖስ ስለ ክርስትና ትምህርት በጻፈው መጽሐፍ ምልክቶችን በሁለት ይከፍላቸዋል። ጭስ እሳት መኖሩን የሚያመለክተው ማንም ሳያዝዘው በተፈጥሮው ነው። ሌላው ዓይነት ምልክት ግን ሰዎች ለሰዎች የሚሰጡት ነው፤ ትርጉሙም በተቀባዮቹ ስምምነት ላይ ይቆማል። ቃላትን ብንወስድ አንድ ድምፅ በአንድ ሕዝብ ዘንድ አንድ ነገር፣ በሌላው ዘንድ ሌላ ነገር ይሆናል። እንግዲህ ሰንደቅ ዓላማ ከሁለተኛው ወገን ነው። አረንጓዴ ጨርቅ በባሕርዩ ልምላሜን እንጂ ኢትዮጵያን አያመለክትም። ኢትዮጵያን እንዲያመለክት ያደረጉት ሰዎች ናቸው፤ ሰዎች ያደረጉት ነገር ደግሞ ሰዎች በሚጠብቁት መጠን ይጸናል። ስሙም ራሱ ይህን ያስታውሳል። ሰንደቅ የሚባለው ዘንጉ፣ ዓላማ የሚባለው በላዩ የሚሰቀለው ነው። ባንዲራ የሚለው የጣልያንኛ ቃል በአፋችን ቢለመድም፣ የራሳችን ቃል ምልክትንና ልንደርስበት የምንሻውን ነገር በአንድ ስም የሚጠራ መሆኑ ደስ ያሰኛል።

የምልክቶቻችንን ታሪክ ጥቂት ብንመረምር፣ ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጥ የኖረ ነገር እንዳለን አድርገን የምንናገረው ልክ እንዳልሆነ እንረዳለን። ሦስቱ ቀለማት በአንድ ባለ አራት ማዕዘን ጨርቅ ላይ ተዋህደው የአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ የሆኑት በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ቀዩ ከላይ፣ አረንጓዴው ከታች ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን ዘውድ የደፋና መስቀል ያለበት ዘንግ የያዘ አንበሳ በመካከሉ ተቀመጠ። አብዮቱ ሲመጣ አንበሳው አስቀድሞ ዘውዱን ተነጠቀ፤ ቀጥሎም ራሱ ተነሥቶ በምትኩ ሌላ ዓርማ ተተካ። በ1980 ዓ.ም. ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሲታወጅ ደግሞ ሌላ ዓርማ መጣ። በሽግግሩ ዘመን ጨርቁ ያለ ዓርማ ተውለበለበ። በ1988 ዓ.ም. በሰማያዊ ክብ ላይ ያረፈው ባለ ጨረር ኮከብ ገባ። ከአንድ መቶ ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ይህን ያህል ተለዋውጧል፤ አገሪቱ ግን አለች።

የመዝሙሩ ታሪክ ከዚህ ይልቅ ትምህርት ይሰጣል። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ፣ በአርመን ገዳም ውስጥ ከዕልቂት ተርፈው የተጠለሉ ወላጅ አልባ ልጆች አገኙ። ከእነርሱም አርባውን በአደራ ተቀብለው ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንድያን የአገሪቱን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ግጥሙን ዮፍታሔ ንጉሤ ጻፈው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተከበረው የንግሥ በዓልም ተሰማ። እስከ አብዮቱ ድረስ ሕዝባችን ቆሞ የዘመረው ዜማ እንግዲህ አገሩን የተነጠቀ ሕዝብ ልጅ የሰጠን ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ መዝሙር ተለውጧል፤ ዛሬ የሚዘመረውን ቃሉን ደረጀ መላኩ፣ ዜማውን ሰሎሞን ሉሉ ደርሰውታል። ስለ አገር ፍቅር ስንከራከር «የእኛ» እና «የእነርሱ» የሚለውን ቃል እጅግ ለምናበዛ ሰዎች፣ የአርመኑን መምህርና የአርባዎቹን ልጆች ነገር ማስታወስ መልካም ነው።

ትርጉሙስ ማን ይወስነው? በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 654 አረንጓዴው የሥራ፣ የልምላሜና የዕድገት፣ ቢጫው የተስፋ፣ የፍትሕና የእኩልነት፣ ቀዩ ለነጻነትና ለእኩልነት የተከፈለ መሥዋዕትነትና የጀግንነት ምልክት መሆኑን ይደነግጋል። ሰማያዊው ክብ ሰላምን ያመለክታል። ይህ የመንግሥት ትርጓሜ ነው። ከዚህ ቀድሞ ግን ሕዝቡ የራሱን ትርጓሜ ይዞ ኖሯል። ብዙዎች ቀለማቱን ከኖኅ ቀስተ ደመና ጋር ያያይዟቸዋል። ከአገር ውጪ ያሉት ጥቁር ሕዝቦች ደግሞ ያልተገዛች አገር ምልክት አድርገው ተቀብለዋቸዋል፤ ጋና በ1949 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ እነዚሁኑ ቀለማት ወሰደች፣ ሌሎችም የአፍሪካ አገሮች ተከተሏት። አንድ ምልክት ይህን ሁሉ ትርጓሜ መሸከሙ የሀብቱ ምልክት እንጂ ጉድለቱ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ከእነዚህ ትርጓሜዎች መካከል የአንዱ ደስታ የሌላው ሕመም ሲሆን ነው።

እዚህ ላይ ነገሩን ማለባበስ አይገባም። በአርሲ ምድር ላይ ይህ ሕመም በስም የሚጠራ ነው። በ1870ዎቹ የራስ ዳርጌ ጦር አርሲን ለማስገበር ባደረገው ረጅም ዘመቻ ብዙ ደም ፈስሷል። ከዴራ ወደ አሰላ በሚወስደው መሥመር፣ በሂጦሳ ወረዳ፣ በ2006 ዓ.ም. የቆመው የአኖሌ ሐውልት ያንን ዘመን የሚያስታውስ ነው። ስለ ሐውልቱም ሆነ ስለ ታሪኩ ዝርዝር ሊቃውንትና ፖለቲከኞች ብዙ ተከራክረዋል፤ ይሁን እንጂ በየቤቱ ከአያት ለልጅ ልጅ የተነገረው ሐዘን በክርክር አይጠፋም። በሌላ በኩል ደግሞ ዓድዋ ላይ፣ ማይጨው ላይ፣ በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ያንኑ ጨርቅ እንደ ወላጅ እየተመለከቱ የሞቱ አሉ። ጠላት አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ በባቡር ጣቢያ ፊት የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ነቅሎ ወደ ሮማ መውሰዱ፣ ምልክት ለተሸናፊም ለአሸናፊም ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ያሳያል። ሐውልቱ የተመለሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ሁለቱ የዴራ ወጣቶች እንግዲህ አልዋሹም።

እውነት ከእውነት ጋር ሲጋጭ ደም እንደሚያፋስስ ደግሞ አይተናል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በባንዲራ ቀለም የተነሣው ጠብ፣ በ2015 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በክልሉ ሰንደቅ ዓላማና መዝሙር ምክንያት የተከሠተው ሁከት ከአእምሯችን አልጠፉም። በተለይ የኋለኛው ያሳዝናል፤ የተጋጩት ልጆች ነበሩና።

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ ልምድ የሌላት አይደለችም። በስምንተኛው ምእተ ዓመት ክርስቲያኖች በቅዱሳት ሥዕላት ምክንያት እርስ በርሳቸው ተሳድደዋል። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ787 በኒቅያ የተሰበሰበው ጉባኤ የቅዱስ ባስልዮስን ትምህርት ተከትሎ፣ ለሥዕል የሚሰጠው ክብር በሥዕሉ ላይ አይቀርም፣ ወደ ተሣለው ይተላለፋል ሲል ወሰነ። አምልኮ ግን ለእግዚአብሔር ብቻ ነው። ይህንን ሚዛን ወደ ሰንደቅ ዓላማ ብናመጣው ምን እናገኛለን? ለጨርቁ የምንሰጠው ክብር ወደ ማን ይተላለፋል? ወደ መንግሥት ነው የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን መንግሥታት ሲያልፉ ምልክቱ ኖሯል። ወደ መሬቱ ነው የሚልም ይኖራል፤ መሬት ግን ክብርን አይቀበልም። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ ለወላጆችና ለአገር የሚገባውን ክብር ሲያስተምር፣ ለአገር የሚሰጠው ክብር ለዜጎቿ ሁሉ የሚሰጠውን ክብር በውስጡ እንደሚይዝ ያስረዳል። እንግዲህ የሚከበረው በምልክቱ ሥር የሚኖረው ሰው ነው። ለጨርቁ እየሰገደ ጎረቤቱን የሚንቅ ሰው፣ ክብሩን ልኮ ያልደረሰለት ሰው ነው። ጨርቁን የረገጠም ሰው እንዲሁ፣ ወደደም ጠላም፣ የረገጠው ጨርቁን ብቻ አይደለም፤ በእርሱ ሥር የወደቁትን ሰዎች ልብ ነው።

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ይህን የሚያስረዱ ሁለት ምልክቶች አሉ። የመጀመሪያው ሙሴ በምድረ በዳ የሰቀለው የናስ እባብ ነው። እግዚአብሔር ራሱ ያዘዘው፣ ብዙዎችን ያዳነ ምልክት ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ሕዝቡ ያጥኑለት ጀመር፤ ደጉ ንጉሥ ሕዝቅያስም ሰባበረው። ሕዝቅያስን የአባቶችን ቅርስ አጠፋ ብለው ያሙት አልጠፉ ይሆናል። መጽሐፉ ግን ያመሰግነዋል። ቅዱስ ምልክት እንኳ ከዓላማው ሲለይ ሊሰበር የሚገባው ከሆነ፣ ሰዎች ያቆሙት ምልክትማ ከምርመራ በላይ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ቀስተ ደመናው ነው። ሦስቱን ቀለማት ከእርሱ ጋር የሚያያይዘው የሕዝባችን ትርጓሜ የታሪክ ማስረጃ ይኑረው አይኑረው ለጊዜው ይቆይ፤ አሳቡ ግን ብዙዎቻችን ካስተዋልነው በላይ ጥልቅ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት እንደምናነበው እግዚአብሔር ቀስቱን በደመና ያኖረው ኖኅን ለማስገደድ አይደለም። ቀስቱን አይቶ ኪዳኑን የሚያስበው እርሱ ራሱ እግዚአብሔር ነው። ኃያሉ በገዛ ፈቃዱ ራሱን በተስፋ አሰረ፤ ምልክቱም የኃያሉ ማስታወሻ ሆነ። የቃል ኪዳን ምልክት ባሕርዩ ይህ ነው። ከደካማው ይልቅ ብርቱውን ያስራል። ሰንደቅ ዓላማን በቀስተ ደመናው አምሳል የሚያይ ሰው እንግዲህ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ «ይህ ምልክት እኔን ምን ያስገድደኛል?» ብሎ ነው።

ለዚህም ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም። የአርሲ ኦሮሞ ሴት ስትዳር ከእናቷ እጅ ሲንቄ የተባለውን ቀጭን በትር ትቀበላለች። በትሩ ሰውን ለመምታት የሚሆን አይደለም። ሆኖም ሁለት ወገኖች ጦር ተማዝዘው ሲቆሙ ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው በመካከል ከገቡ፣ ያንን አልፎ መምታት ነውር ነው፤ ወንዶቹ መሣሪያቸውን ይመልሳሉ። በባል የተበደለች ሴትም ሲንቄዋን ይዛ ስትወጣ ጎረቤቶቿ ሴቶች ሥራቸውን ትተው ይከተሏታል፤ በዳዩም ካሣ ሳይከፍልና ይቅርታ ሳይጠይቅ አይመለሱም። የገዳ ሥርዓት በኅዳር 2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሲሰፍር ብዙ ተባለ፤ ስለዚህች በትር ግን ከዚህ የበለጠ ሊነገር ይገባ ነበር። ዘንግ ነው፣ ምልክት ነው፣ ኃይልም አለው። ኃይሉ ግን የሚመጣው የያዘችው ሴት ጦር ያልያዘች ስለሆነች ነው። በሰላማዊ ሰልፍ ላይ በሰንደቁ ዘንግ ጎረቤቱን የሚመታ ወጣት ይህችን የአያቱን በትር ቢያስታውስ ምን ይል ይሆን?

ሕግስ ምን ያደርጋል? ሕገ መንግሥቱ በ3ኛው አንቀጽ ስለ ዓርማው ሲናገር፣ ሕዝቦችና ሃይማኖቶች በእኩልነትና በአንድነት ለመኖር ያላቸውን ተስፋ የሚገልጽ መሆኑን ያመለክታል። «ተስፋ» የሚለውን ቃል ልብ ይሏል። ተስፋ ገና ያልተያዘ ነገር ነው። የክልሎችንም ሰንደቅ ዓላማ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ በዴራ ትምህርት ቤት ጎን ለጎን የሚሰቀሉት ሁለቱ በሕግ ዘንድ ተቀናቃኞች አይደሉም። ሕግ ምልክቱ እንዳይዋረድ መከላከሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን ዓርማ የሌለውን የያዘ ሽማግሌ እንደ ወንጀለኛ ሲታይ፣ ወይም የኦዳውን ዛፍ የያዘ ልጅ እንደ ጠላት ሲታይ፣ ምልክቱ ይጠበቅ ይሆናል እንጂ ፍቅሩ አይጨምርም።

በአሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የይሖዋ ምስክሮች ልጆች ለባንዲራ ሰላምታ አንሰጥም በማለታቸው ከትምህርት ቤት ይባረሩ ነበር። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1940 ማባረሩን አጸደቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን፣ ጦርነቱ ሳያበቃ፣ የራሱን ፍርድ ሽሮ ማንም እንዲህ ያለውን ሰላምታ እንዲሰጥ ሊገደድ አይገባም ሲል ፈረደ። ፍርዱ የተነገረውም በባንዲራቸው በዓል ቀን ነበር። የልጆቹን ትምህርተ ሃይማኖት ባንቀበልም፣ በኅሊና ላይ የተሰጠው ፍርድ ትክክል ነው እንላለን። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ሌላ መንገድ ሞከረች። የአፓርታይድ መንግሥት መዝሙርና ኢኖክ ሶንቶንጋ የተባለ የሚሲዮን ትምህርት ቤት መምህር የደረሰው የጥቁሮቹ ጸሎታዊ መዝሙር ነበሩ፤ በ1997 እ.ኤ.አ. ሁለቱን አጣምራ በአምስት ቋንቋዎች የሚዘመር አንድ መዝሙር አደረገቻቸው። ሁሉም ተደሰተ ማለት አይደለም። ቢያንስ ግን አንዱ የሌላውን መዝሙር እስኪጨርስ አብሮ መቆም አለበት።

ስለ ደቡብ አፍሪካ ካነሣን የበቆጂዋን ልጅ ደራርቱ ቱሉን ሳናነሣ አናልፍም። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በአሥር ሺህ ሜትር ስታሸንፍ፣ ሁለተኛ የወጣችው ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ኢላና ሜየር ነበረች። የሜየር ቡድን የአገሩን ባንዲራ ይዞ እንዲገባ ያልተፈቀደለት፣ በጊዜያዊ ምልክት የተሳተፈ ነበር። ደራርቱ የራሷን የአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ክብር አስመዝግባ ሳለ፣ ያቺን ባንዲራ የሌላትን ሴት እጇን ይዛ ሜዳውን ዞረች። በዚያ ዘመን ሰንደቃችን ዓርማ አልነበረበትም፤ ያንጊዜ ግን ማንም ስለ ዓርማው ሲጠይቅ አልተሰማም። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በመስከረም 1988 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፊት ቆመው፣ ሌላውን በሚንቅ ብሔርተኝነትና የገዛ አገርን በሚወድ እውነተኛ የአገር ፍቅር መካከል ያለውን ልዩነት ያስረዱት የእኛው ባለ ኮከብ ዓርማ በወጣበት ዓመት መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው።

ወደ ሁለቱ ወጣቶች እንመለስ። «ጥፋቱ የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የተሻለ መልስ የተገኘው ዘግይቶ ነው። የቀድሞው ሰው የሠራውን ጥፋት የዛሬው ልጅ በንስሐ ሊናዘዘው አይችልም፤ የእርሱ ኃጢአት አይደለምና። የባልንጀራውን ሐዘን ሰምቶ አላየሁም ካለ ግን ይህ የራሱ ነው። እንዲሁም በአያቱ ሐዘን ምክንያት የሌላውን አያት ሞት የናቀ እንደሆነ ይህም የራሱ ነው። ስለዚህ ተጠርተው አንድ ነገር ታዘዙ፤ እያንዳንዱ የባልንጀራውን ቅድመ አያት ታሪክ ከባልንጀራው አፍ ሰምቶ፣ ምንም ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለራሱ ቤተሰብ እንዲናገር። የመጀመሪያው ልጅ አባት ታሪኩን ሰምተው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። የሁለተኛው አያት ደግሞ፣ «ማይጨው ከዚህ ስንት ቀን ያስኬዳል?» ብለው ጠየቁ።

ስለ ዓርማው እስከ ዛሬ አልተስማሙም። የደብተሩ ሽፋንም አልተነሣም። በየጥቅምቱ የመጀመሪያ ሰኞ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ሲከበር ክርክራቸው እንደገና ይነሣል፤ በዚያ ቀን ጧት ግን ሁለቱም በአንድ ሰልፍ ቆመው ሁለቱንም መዝሙሮች እስከ መጨረሻው ይዘምራሉ።